የፀሐይ ብርካ

የአባቴ ሸሚዝ ወንፊት ነበር፤
ከዚራ ግቢያችን ሲሰጣ ፀሐይ ትሾልካለች በየቀዳዳው።
እናቴ ጥፋ ጥፋ የተወችው፤ አሲድ ነው የበላው።
ሠላሳ ዓመት ከፉርጎ ሆድ ሥር ተንጋሎ ኖረ፣
ለየባትሪው የተጣራ ውኃ በጠርሙስ እየጨመረ፤
መንገደኛው በአምፖሉ ብርሃን ሲጫወት ካርታ፣
ማን እንደሞላው ሳይጠይቅ፣ መኢሶ እስኪደርስ ማታ።

እኔም ልጁ ነኝ። የኔ ግን ነጭ ኮንቴይነር ነው፣
ጀልዴሳ ዳር፣ ከጤና ጣቢያው ጎን የተቀመጠው።
አሲድ የለበትም። ሸሚዜ ደህና ነው።
የሶላር መስታወቶች ቀኑን ሙሉ አንጋጠው ፀሐይ ያልባሉ፣
ሲመሽ ባትሪዎቹ መንደሩን ያጠባሉ።
አንድ የማይነገር ነውር ግን አለ፦
ያቺው የምትሞላን ፀሐይ የሰጠችውን መልሳ ትቆነጥራለች፤
ሙቀት ባትሪ ይገድላል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ሲያለቅስ ይውላል፣
ካገኘው ከአሥር አንዱን ለራሱ ብርድ ይከፍላል።
እንደ ድሬ ሰው ነው ባትሪም፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ
ምንም አይሆንለትም ካላገኘ ጥላ።

ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን ደመናው ለኛ ሳይዘንብ ቆመ፣
ከሐረር ተራራ ወርዶ እንደማይሄድ እንግዳ ተጋደመ።
ሃምሳ አንድ በመቶ። አርባ። ሠላሳ ሁለት።
ናፍጣ የጫነው መኪና ደቻቱ ማዶ ቀርቷል፣ ጎርፍ ዘግቶበት።
ድሬ ደወልኩ። «ጭነት ቀንሺ» አለኝ ኃላፊው፤
በሁለት ቃል ተገላገለው!
የቱን? ወፍጮውን? ፓምፑን? የክትባቱን ፍሪጅ?
የሻይ ቤቱን ቴሌቪዥን፣ ዛሬ ማታ ኳስ ያለበትን?
መመሪያው ውስጥ ሰንጠረዥ አለ፤
ቁጥር አለው እንጂ የሰው ስም የለው።

ዴቃ ዋይስ መጣች፣ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፤
ብርካ አላት፤ አራት ድርቅ አሳልፋለች፣ ሁሉንም በስም የምታነሣ።
ኮንቴይነሩን በበትሯ ኳ አደረገችና፣
«ስንት ክንድ ቀረው?» አለችኝ።
ክንድ አይደለም፣ በመቶ ነው… ልላት ነበር።
«ከአሥሩ ሦስት» አልኳት።

«ብርካ ሲጎድል ለጮኸ አይቀዳም፤
የምር የጠማው አይጮህም፣ ደጅሽንም አይመታም።
መጀመሪያ ለአራስ፤ ቀጥሎ ለታመመ፤
ቀጥሎ ለእንግዳ። ባለቤቱ መጨረሻ ነው፣ እንደቆመ።
የታችኛው ሁለት ክንድ ግን ይቅር፤ እሱ የማንም አይደለም።
ጭቃው ድረስ የተጠጣ ብርካ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤
ቢዘንብም አይሞላም።»

ከሃያ በመቶ በታች አትውረጂ፦
ኮሌጅ ሳለሁ ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ለፈተና።
ግድግዳ እንዳለው ግን የነገረኝ አልነበረም።

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ወንዶቹ እየተንጫጩ መጡ፣ አንድ ለባዶ እየመሩ ነበሩ፤
ዴቃን ሲያዩ ዝም አሉ፤ ውጤቱን ሳያውቁ አደሩ።
ወፍጮው ቆመ። የመንገዱ መብራት ጠፋ።
የራሴንም ቤት ነቀልኩ፤ ባለቤቱ መጨረሻ ነዋ፣
በጨለማ ደረቅ ዳቦ ገመጥኩ።
የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ቀረ ከጤና ጣቢያው፣
እንደጠገበ ሕፃን ሲያንጎራጉር።
ሃያ ስምንት። ሃያ አምስት። ሃያ ሦስት።
ዴቃ ከደጃፉ አልተነሣችም። ተኝታም አልነበረም።

ሃያ አንድ ላይ ነጋ።
አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ደመናው እንደዚያ ሸሚዝ ተበሳ፣
አንድ ቦታ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሦስት አራት ቦታ፤
ቁጥሩ ትንሽ አመነታና ሃያ ሁለት አለ።
አባቴ ቢኖር፣ በጣቱ መስታወቱን ጠረግ ያደርግ ነበር።

ዴቃ ከወገቧ ፈትታ አሮጌ ስልክ ዘረጋችልኝ፣
ጥቁር፣ በክር የታሰረ።
«ከትናንት ወዲያ ሞተብኝ» አለች፤
«ልጄ ከጅቡቲ ይደውላል ዓርብ ዓርብ።
አራሷም ታማሚውም ጠጥተዋል፤
እኔ እንግዳ ነኝ። ተራዬ ነው።»